«ከግራኝ አድናቂ እጅ ቡና አልጠጣም»

ይድረስ ለምክር ዓምድ አዘጋጇ፤

እትዬ፣ እንደምን ሰንብተዋል? የ27 ዓመት ወጣት ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ሐረር ነው፤ የምተዳደረውም ጀጎል ውስጥ እንግዶችን በማስጎብኘት ነው። ያሳደገችኝ የእናቴ እናት ናት፤ እማማ እላታለሁ። እማማ የሰላሌ ሰው ናት። ወንድ አያቴ የሦስተኛ ክፍለ ጦር ወታደር ስለነበር በሙሽርነቷ ይዟት መጣ፤ እሱ ካረፈ በኋላም ሐረርን ለቅቃ አልሄደችም።

ባለፈው ወር ከአዲስ አበባ የመጡ ጎብኚዎችን ሸዋ በር አጠገብ ግንቡ ሥር አቁሜ ስለ ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም እየነገርኳቸው ነበር። ገና በሃያዎቹ ዕድሜው ሽምብራ ቆሬ ላይ በቁጥር እጅግ የሚበልጠውን የዐፄ ልብነ ድንግልን ጦር እንዴት እንዳሸነፈ ሳስረዳ ወሬው ሞቀኝና «እውነቱን ለመናገር፣ በጦር አመራር ችሎታው እኔ በጣም አደንቀዋለሁ» አልኩ። አንዱ ጎብኚ በስልኩ ይቀርጽ ነበር። ቪዲዮው ቲክቶክ ላይ ወጣ። አዲስ አበባ ያለችው የአክስቴ ልጅ አይታው ኖሮ ለእማማ ደውላ አስደመጠቻት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እማማ «ከግራኝ አድናቂ እጅ ቡና አልጠጣም» ብላ አኩርፋኛለች። እኔ ቡና ሳፈላ ነጠላዋን አጣፍታ ትወጣና ጎረቤታችን ከሆኑት ሐረሪ እናት ቤት ጠጥታ ትመለሳለች። የአክስቴ ልጅ ደግሞ «ነገ ግራዚያኒንም ልታደንቂ ነው?» ብላ ጻፈችልኝ። ምን ብዬ እንደምመልስላት አጣሁ። ነገሩ ቢበርድ ብዬ በሚቀጥለው ጉብኝት የሽምብራ ቆሬን ታሪክ ዘልዬ አለፍኩት። ይህን የሰማ ሐረሪ የሥራ ባልደረባዬ «አፈርሽበት? ለካስ አንቺም እዚህ ከተማ እንግዳ ነሽ» አለኝ። እሱ የተናገረኝ ከእማማ ኩርፊያ የበለጠ አመመኝ።

እትዬ፣ ብዙ ሰው የሚጠላውን የታሪክ ሰው በችሎታው ማድነቅ ነውር ነው? ቃሌን ልመልስ? ካልመለስኩስ ከእማማ ጋር እንዴት ልኑር?

አስጎብኚዋ ነኝ፣ ከሐረር

—

ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው ንባብ ያቆመኝ ኢማሙ አልነበረም፤ ጎረቤታችሁ ናቸው። እማማ «ከግራኝ አድናቂ እጅ ቡና አልጠጣም» ብላ ከቤት ትወጣና የምትጠጣው የት ነው? ኢማም አሕመድን ከልጅነታቸው ጀምሮ በአክብሮት ሲያነሱ የኖሩ ሐረሪ እናት ቤት። መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ይቅር በይኝ። ከዚያ ግን አሰብኩበት። አያትሽ ያን ሰው የሚያከብር ሰው ያፈላውን ቡና ለመጠጣት ችግር የለባትም ማለት ነው። ስንት ዓመት ስትጠጣው ኖራለች። የጎዳት ቃሉን ከአንቺ አፍ መስማቷ ነው። ይህን ለጊዜው ያዢልኝ፤ እመለስበታለሁ።

በቅድሚያ ለጠየቅሽኝ መልስ ልስጥ፦ ይቻላል። ብዙዎች የሚጠሉትን ሰው በችሎታው ማድነቅ ይቻላል። ነውሩ ወይም ክብሩ ያለው በአነጋገሩ ላይ ነው።

አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ እቃ ያመላልስ ነበር፤ ትምህርት ሲዘጋ አንዳንዴ ጋቢና ውስጥ አስቀምጦ ይወስደኛል። መንገድ ላይ ጣሊያን የሠራው አንድ የድንጋይ ድልድይ አለ። አባቴ እዚያ ሲደርስ ሁልጊዜ ፍጥነቱን ይቀንስና በመስኮቱ አጮልቆ ያየዋል። «እጁ ይቆረጥ!» ይላል። ድልድዩን ተሻግረን ማርሽ ሲቀይር ደግሞ ቀስ ብሎ «ግን እጅ ነበረው» ይላል። አባቴን አባት ያሳጣው ጣሊያን ነው። ይህን ስላወቅሁ እርግማኑ ይገባኝ ነበር፤ ሁለተኛው ግን ግር ይለኝ ነበር። አንድ ቀን ለምን ሁለቱንም እንደሚል ጠየቅሁት። «ድንጋዩን ሳየው ውሸት መናገር አልችልም» አለኝ። ሁለተኛውን ከመጀመሪያው አስቀድሞ ሲል፣ ወይም የመጀመሪያውን ትቶ ሁለተኛውን ብቻ ሲል ግን ሰምቼው አላውቅም።

አንቺ ያደረግሽው፣ እውነቱን ንገሪኝ ካልሽኝ፣ ሁለተኛውን ብቻ መናገር ነው። ያውም ስልክ ተደቅኖብሽ።

«አደንቀዋለሁ» የሚለውን ቃል እስቲ አብረን እናገላብጠው። በአማርኛችን ነገሩ ደነቀኝ ማለትና ሰውየውን አደነቅሁ ማለት ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው፤ ሰሚ ጆሮ ላይ ሲያርፉ ግን ይለያያሉ። ጎርፍም ይደንቃል። ድሬዳዋ ለምንኖር ሰዎች የደቻቱን ወንዝ ጉልበት መንገር አያስፈልግም፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊቱን ወርዶ ያደረገውን ያየ ሰው እስከ ዛሬ ይደነቃል። ደቻቱን ግን ማንም አያወድሰውም። ሰውን ሲሆን «አደንቀዋለሁ» ስንል ሰሚው ሙገሳ ይሰማል፤ «እንደሱ በሆንኩ» ያልን ይመስለዋል። አንቺ የደነቀሽን ተናገርሽ፤ እማማ የሰማችው ሙገሳ ነው። ሁለታችሁም አልዋሻችሁም።

በትክክል የደነቀሽ ምን ነበር? ጎብኚ ፊት ሳትሆኚ፣ ብቻሽን ሆነሽ ለራስሽ መልሺው። በ1521 ዓ.ም. ሽምብራ ቆሬ ላይ የተሰለፈው የንጉሡ ጦር ብዙ ነበር፤ ኢማሙ ያንን በጥቂት ሰው መስበሩ ነው? ከየጎሳው የተሰባሰበውንና ለመበተን የሚቃጣውን ሠራዊት ለዓመታት አንድ አድርጎ መያዙ ነው? የጦር መሣሪያ አዲሱ ዓይነት ሲመጣ ቶሎ መቀበሉ ነው? እነዚህ ሁሉ ስለ አንድ የጦር መሪ የሚነገሩ እውነቶች ናቸው፤ እማማም ቢሆን ልትክዳቸው አትችልም። እንዲያውም ለእሷ ወገን የሚጠቅሙ ናቸው። ኢማሙ ተራ ሰው ቢሆን ኖሮ በልጅነቱ የነገሠው ዐፄ ገላውዴዎስ በ1535 ዓ.ም. ወይና ደጋ ላይ ድል ማድረጉ ምን ያስደንቅ ነበር? የዱሮ ፎካሪ የገደለውን አንበሳ ግልገል ነበር ብሎ አይፎክርም።

ሥራሽ ይህ ስለሆነ አንድ ታሪክ ልጨምርልሽ፤ ምናልባት ታውቂው ይሆናል። ዐፄ ናዖድ ጀምሮት ልብነ ድንግል የጨረሰው መካነ ሥላሴ የሚባል በወርቅና በብር ያሸበረቀ ቤተ ክርስቲያን አማራ ሳይንት በኩል፣ ዛሬ ወሎ በምንለው አገር ነበር። ኢማሙ ዘምቶ እዚያ ደረሰ። ቀጥሎ የሆነውን የተረከው የሌላ ወገን ጠላት እንዳይመስልሽ፤ የኢማሙ የራሱ ዜና ጸሐፊ ነው። ኢማሙ ሲገባ በሥራው ተደነቀ። አብረውት የነበሩትን ዐረቦች በሮም አገርም ሆነ በህንድ ይህን የመሰለ አይታችሁ ታውቃላችሁ ወይ ብሎ ጠየቃቸው። አይተንም ሰምተንም አናውቅም አሉት። ከዚያ በኋላ ወርቁ ተገፎ ተወሰደ፤ ቤተ ክርስቲያኑም ተቃጠለ።

ይህን ታሪክ ባሰብኩት ቁጥር ያ ጥያቄ ይከነክነኛል። ሰውየው ዓይን ነበረው። የጠላቱን እጅ ጥበብ አይቶ ማድነቅ ያውቅበታል። ማድነቁ ግን ችቦውን አላስጣለውም። ስለዚህ ሰዎች «ማድነቅ ወንጀል ነው» ሲሉም፣ «ማድነቅ አእምሮን ያሰፋል» ሲሉም እኔ ሁለቱንም አልቀበልም። አድናቆት ብቻውን ደግም ክፉም አያደርግም። ከእሱ ቀጥሎ የምትናገሪውና የምታደርጊው ነው የሚቆጠረው።

ግንቡ ሥር ስትቆሚ ሽምብራ ቆሬን አትዝለዪው። ባልደረባሽ የተናገረሽ ሻካራ ነው፤ ነገር ግን መዝለልሽን በማየቱ አልተሳሳተም። ሽምብራ ቆሬን ከተናገርሽ ግን መካነ ሥላሴንም ጨምሪ፤ በሌላ ቀን ሳይሆን እዚያው፣ ሳትተነፍሺ። «አደንቀዋለሁ» የሚለውን ተዪውና ያደረገውን በዝርዝር ንገሪያቸው፤ የሚደነቀው ይደነቅ፣ የሚያዝነው ይዘን። አስጎብኚ የራሱን ልብ ለመሸጥ አልተቀጠረም።

ደግሞም ያ ግንብ ራሱ ምን እንደሆነ አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ያሠራው አሚር ኑር ነው፤ የኢማሙ የእኅት ልጅ፣ የኢማሙን ሚስት ባቲ ድል ወንበራን ያገባው፣ ዐፄ ገላውዴዎስን በጦርነት የገደለው ሰው። እማማ ስንት ዓመት ሙሉ በዚያ በር ዘንቢሏን ይዛ ስትወጣ ስትገባ ኖራለች? ከፀሐይ ስትሸሽ በጥላው ሥር አላረፈችም? የግንቡን ጥንካሬ አይታ «እንዴት ያለ ሥራ ነው» ሳትልም አልቀረችም። ይህን ለክርክር አታንሺባት፤ ለአንቺ መጽናኛ እንዲሆን ነው የነገርኩሽ።

የአክስትሽ ልጅ ስለ ግራዚያኒ ያነሳችው ነገር ቁጣ ይዞታል፤ ጥያቄው ግን ጥያቄ ነው። አንዱን ካደነቅሽ ሁሉንም ማድነቅ አለብሽ? የለብሽም። ችሎታ አለ ሲባል እስቲ ይታይ ማለት ነው። ግራዚያኒ በደቡብ ግንባር የመጣው በአውሮፕላንና በመርዝ ጋዝ ነው። ጦር የለባትም ተብሎ «ክፍት ከተማ» ተብላ የነበረችው የእናንተው ሐረር በመጋቢት 1928 ዓ.ም. በቦምብ ነደደች። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ አዲስ አበባ ላይ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። አካፋና ነዳጅ ይዞ ባዶ እጁን ያለ ነዋሪ መጨረስ ምን ዓይነት ችሎታ ይባላል? እኔ የሚደነቅ ነገር አላየሁም፤ አየሁ የሚል ካለ ያምጣና እንመርምረው። ደግሞ ማጥናትና ሐውልት ማቆም ለየቅል ናቸው። በ2004 ዓ.ም. መጨረሻ አፊሌ በምትባል የጣሊያን ከተማ ለዚህ ሰው መታሰቢያ ሲሠራለት «አገር» እና «ክብር» የሚሉ ቃላት ተጻፉበት። እዚያ ግንብ ላይ ስለ ጦር ስልት የሚናገር ነገር የለም። ለአክስትሽ ልጅ በጽሑፍ አትመልሺላት። ደውዪላት፤ መጀመሪያ ስለ ልጆቿ ጠይቂያት። ቪዲዮው ሥር አስተያየት ከሚጽፉት ጋርም አትግጠሚ።

አሁን ወደ ከበደው ነገር ልግባ።

ባልደረባሽ «አንቺም እዚህ ከተማ እንግዳ ነሽ» ያለሽ ከእማማ ኩርፊያ በላይ እንዳመመሽ ጽፈሻል። ይህን ሳነብ አንድ ነገር መጠየቅ ፈለግሁ፤ ከተሳሳትኩ ተዪው። ያን ቀን ሸዋ በር ላይ «አደንቀዋለሁ» ስትዪ፣ ስለ ኢማሙ ብቻ ነበር የምትናገሪው? ወይስ በመጠኑ «እኔም የዚህ ከተማ ልጅ ነኝ፤ የከተማዬን ጀግና አውቃለሁ» እያልሽም ነበር? የሰላሌ ሴት የልጅ ልጅ ሆነሽ በጀጎል ጠባብ መንገዶች እንጀራሽን የምትበዪ ልጅ ነሽና፣ እንዲህ ቢሰማሽ አልፈርድብሽም። ድሬዳዋ ሁላችንም ከሌላ ቦታ መጥተን በባቡር ሐዲድ ዙሪያ ስለሰፈርን ይህ ጥያቄ ብዙ አያስጨንቀንም። ሐረር ግን ዕድሜዋ ረጅም ነው፤ ማን መቼ እንደገባ ትቆጥራለች። እንዲህ ከሆነ አያትሽ የሰማችው ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። ልጇ ወደ ጎረቤት ቤት ጠቅልላ የገባች መስሏት ይሆናል። ቡና ለመጠጣት መሄድና ጠቅልሎ መግባት ይለያያላ።

ጎረቤታችሁም ቢሆኑ የራሳቸው ቁስል ይኖራቸዋል። በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ ከምኒልክ ጦር ጋር ሲዋጉ ስለወደቁት ሲወራ እየሰማ ያላደገ የሐረሪ ቤት ጥቂት ነው። እማማ በዓደዋ ጀግንነታቸው የምትወዳቸው ራስ መኮንን ለዚያ ቤት በሌላ ትዝታ ይነሣሉ። እማማ የምትሳለምበት የፈረስ መጋላው መድኃኔ ዓለም ከጨለንቆ በኋላ መስጊድ በነበረበት ቦታ የተሠራ መሆኑን ጎረቤታችሁ ያውቃሉ፤ ግን ለእማማ ቡና ሲቀዱ አያነሱባትም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ በእናንተ ግቢ ሁለት የተወጉ ሴቶች በአንድ ረከቦት ዙሪያ ይቀመጣሉ። እንዴት እንደቻሉበት እነሱን ብትጠይቂ ከእኔ ዓምድ የበለጠ ትማሪያለሽ።

እማማ ከሰላሌ ናት ብለሽኛል። ሰላሌ ሲባል ደብረ ሊባኖስ አለ። ደብረ ሊባኖስን የኢማሙ ጦር አቃጥሎታል፤ ይህ የሩቅ ዘመን ታሪክ ነው። በግንቦት 1929 ዓ.ም. ግን ግራዚያኒ መነኮሳቱን አስፈጀ። ጣሊያን ራሱ በቴሌግራሙ ያመነው 297 መነኮሳት ነው፤ ከዚያም ወደ ደብረ ብርሃን ተወስደው የተገደሉ 129 ዲያቆናት ተጨመሩ። ተመራማሪዎች ደግሞ ቁጥሩ ከዚህ በእጅጉ ይበልጣል ይላሉ። በዚያ አገር የተወለደች፣ የእማማን ዕድሜ የምታህል ሴት ከሟቾቹ ቢያንስ የአንድ ዘመድ ወይም ጎረቤት ስም እየሰማች ያላደገች አይመስለኝም። ግራኝና ግራዚያኒ በስማቸው ብቻ አይደለም የሚቀራረቡት፤ በእሷ አገር ሰው አፍ አንድ ገዳም ሁለት ጊዜ ያጠፉ ናቸው። እና «ግራኝ» ስትል የምታለቅስለት ሰው የአምስት መቶ ዓመት ሰው ላይሆን ይችላል። ምናልባት አጎቷ ይሆናል። ጠይቀሻት ታውቂያለሽ?

ስለዚህ እንዲህ ብታደርጊ እላለሁ። ይቅርታ ጠይቂያት፤ ግን ስላወቅሽው ታሪክ አይደለም። «እማማ፣ በማላውቀው ሰው ስልክ አስደንግጬሻለሁ፤ እኔው ራሴ አስቀድሜ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር» በያት። ይህ እውነት ነው፤ ቃልሽንም አላጠፍሽም። እንቢ ካለች የንስሐ አባቷን አስታራቂ አድርጊ፤ ሄደሽ ሙሉውን ንገሪያቸው፣ ሳትቀንሺ። አብዛኞቹ ካህናት ስለ ግራኝ ዘመን ከእኔም ከአንቺም በላይ የሚያውቁ ናቸውና ልጅቷ ክፉ አላለችም ብለው ሊያስረዱልሽ ይችላሉ። ለባልደረባሽም አንድ ቀን ፈረስ መጋላ ሻይ ጋብዘሽ ያለሽን ቃል ምን ያህል እንዳመመሽ ንገሪው። ስለ ታሪኩ ሳትከራከሪ ስለ ቃሉ ብቻ። እሱም የሚለው ነገር ይኖረዋል፤ ስሚው።

ከሁሉ በፊት ግን እሑድ ከቅዳሴ ስትመለስ፣ አንቺ ቤት ቡና ከማፍላትሽ በፊት ተከትለሻት ጎረቤት ሂጂ። አትጥሪያት፣ አታባብያት። ለጎረቤታችሁ «ዛሬ እኔ ላፍላ?» ብለሽ ጀበናውን ያዢ። እዚያ ቤት ከአንቺ እጅ አልጠጣም ብላ ልትነሣ አይመቻትም፤ የሰው ቤት ነው። በአቦል ዝም በዪ። በቶናም ዝም በዪ። በረካው ሲቀዳ ግን ስለ ኢማሙ ሳይሆን፣ «እማማ፣ ደብረ ሊባኖስ የሞተ የእኛ ሰው ነበር? ስሙ ማን ይባላል?» ብለሽ ጠይቂያት። ስሙን ከነገረችሽ እዚያው ጻፊው፤ ዕድሜው፣ ማን ልጅ እንደነበር፣ ምን ይወድ እንደነበር ጠይቂና ጻፊ። ጎረቤታችሁም የጨለንቆ ሰው ካላቸው የእሳቸውንም ጨምሪ።

እማማ ሲኒዋን ከእጅሽ ከተቀበለች አንድ መስመር ጻፊልኝ። ካልተቀበለችም ጻፊልኝ፤ ሌላ መላ እንፈልጋለን።